ጧት የማይነሣ ኮምፒዩተር

ፈጽሞ የማይነሣ ኮምፒዩተር ለባለሙያ ቀላል ነው። የሞተበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው የሚቀረው። የሚያስቸግረው አንዳንድ ቀን የሚነሣው፣ ብዙውን ቀን ግን እምቢ የሚለው ነው። ይባስ ብሎ ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምንም እንዳልነበረበት ይሠራል። ባለሙያው ብልሽቱን ብልሽቱ በሌለበት ሰዓት እንዲፈልግ ይገደዳል።

እንዲህ ያለ ማሽን ፍላቂት ላይ ሲጠገን ከጎን ቁጭ ብዬ ተመልክቻለሁ። ፍላቂት የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ በሚያልፈው፣ ሰዉ «የቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና ላይ ትገኛለች። ኮምፒዩተሩ የአንዲት ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ የትምህርት ማስረጃ ይታተምበታል፣ ፎቶ ኮፒው አጠገቡ ይቆማል። ቋሚ ጥቁር ኬዝ ነው። ውስጡ አንድ ማዘርቦርድ፣ ሁለት ራም፣ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ከላይ በኋላ በኩል ደግሞ ፓወር ሳፕላይ አለ። የተለየ ነገር የለውም፤ ተራ ዕቃ ነው። ጥገናው ግን ተራ አልነበረም።

ባለሙያው ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ጠየቀ።

«እታለም፣ እምቢ የሚለው በስንት ሰዓት ነው?»

«ጧት ጧት ነዋ። ከቀትር በኋላ ምንም አይለው።»

«ሌሊት መብራት ሄዶ ካደረስ?»

«ያን ቀንማ ጨርሶ! ፀሐይ እስኪሞቀው ነው መሰል የሚጠብቀው፣ ወንድም ዓለም።»

«አንዴ ከተነሣ በኋላስ መሐል ላይ ይጠፋል?»

«ኧረ አይጠፋም፤ እስክዘጋው ይሠራል።»

ሦስቱን መልሶች በቁራጭ ወረቀት ጻፋቸው፦ ጧት፣ መብራት ከሄደ በኋላ፣ ከተነሣ አይጠፋም። ሴትዮዋ ስለ ፀሐይ ያለችው ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን ከሁሉ በላይ ልብ ያለው ያንኑ ነው።

የአገሩን ጠባይ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የመቄት አምባ ደግሞ ከእሷ ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ ውስጥ ያደረ ብረት ጧት ላይ ሲነኩት ጣት ያቃጥላል። ፀሐይ ወጥታ ጣሪያውን ስትመታው ያው ክፍል በጥቂት ሰዓት ይሞቃል። ቆላ ላይ ተደብቆ የሚኖር ብልሽት ፍላቂት ላይ በየማለዳው ራሱን ያሳያል።

መጀመሪያ የታየው ከኬዙ ውጭ ያለው ነው። የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ሊኖረው ይገባል፤ መልቲሜትሩ 214 አለ። ደህና ነው። ዲቫይደሩ ተፈታ። እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጡ ሦስት ቀጭን የነሐስ ልሳን ነው፤ ሲላላ ስፒናው ቆሞ ይታያል እንጂ አይነካም። ይኼኛው ይነካል። የኃይል ገመዱ በሌላ ተለወጠ፤ ጠባዩ አልተለወጠም። እዚህ ላይ ብዙ ደቂቃ አልፈጀም፤ ግን አልዘለለውም። ከግድግዳ ወደ ውስጥ የሚሄድ ሰው ሁለት ጊዜ አይመለስም።

ቀጥሎ የፊቱ ማብሪያ መጣ። የኮምፒዩተር ማብሪያ እንደ ቤት መብራት ማብሪያ አይደለም። ሁለት ቀጭን ገመድ ብቻ አለው፤ ሲጫኑት ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት እግሮች ለአፍታ ያገናኛል፣ ሲለቁት ይለያያቸዋል። አቧራ የገባበት ማብሪያ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ ምልክቱ ከያዝነው ብልሽት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ሁለቱን ገመዶች ነቀላቸውና እግሮቹን በካቻቢቴው ጫፍ ነካ አድርጎ አገናኛቸው። ማሽኑ ዝም አለ። ማብሪያው ነፃ ወጣ።

በብዙ ጥገና ቤት ከዚህ በኋላ በቀጥታ የሚኬደው ወደ ራም ነው። ራሙ ይነቀላል፣ እግሮቹ በላጲስ ይታሻሉ፣ ይመለሳል፣ ማሽኑም ይነሣል። ነገሩ መሠረት አለው። የዲዲአር 3 ራም 240 እግር አለው፣ በያንዳንዱ ገጽ 120። እግሮቹ የተለበጡበት ወርቅ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ውፍረት ነው ያለው፤ ላብና አቧራ ሲይዘው ግንኙነቱ ይሰናከላል። ግን የእኔን ግምት ልናገር፦ ላጲስ የተመሰገነበት ብዙ ጥገና በእውነቱ የሙቀት ሥራ ነው። ማሽኑ ከቀዝቃዛ ቤት ወጥቶ ተሸክመውት መጡ፣ ሰው የሞላበት ክፍል ውስጥ ተቀመጠ፣ ሲፈቱትና ሲገጥሙት ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ሞቀ፣ ተነሣ። ምስጋናው ለላጲሱ ሆነ። በማግሥቱ ጧት እንደገና እምቢ ይላል። ላጲሱም ያለ ልክ ሲታሽ ወርቁን ይዞት ይሄዳል።

ይኼ ባለሙያ ራሙን አልነካም። ያልነካበት ምክንያት ነው ሥራውን እንዳደንቅ ያደረገኝ፤ ለዚያ ግን ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል።

ከ1995 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ማሽኖች ማብሪያቸው የግድግዳውን ኃይል ራሱን ይቆርጥ ነበር። በዚያ ዓመት ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን ደንብ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሌላ ሆነ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶም ቢሆን ስፒናው እስከተሰካ ድረስ በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሰርኪት ትሠራለች። ሥራዋ 5 ቮልት አዘጋጅታ መጠበቅ ነው። ይህ ተጠባባቂ ኃይል በሐምራዊ ገመድ ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል። ማብሪያውን ስንጫን ማዘርቦርዱ፣ በዚህችው ተጠባባቂ ኃይል ነቅቶ፣ አረንጓዴውን ገመድ ወደ ዜሮ ያወርደዋል። ይህ ለዋናው ክፍል የሚላክ «ተነሣ» የሚል ትእዛዝ ነው። ዋናው ክፍል 12፣ 5 እና 3.3 ቮልቱን ያነሣል። ሦስቱም ልካቸውን ሲይዙ፣ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ጠብቆ፣ በግራጫው ገመድ 5 ቮልት ይልካል፤ «ዝግጁ ነኝ» ማለቱ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ የሚጀምረው፣ ራሙም የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ። ማሽኑ የቆመበትን ቦታ ለማወቅ ሦስቱን በተራ መለካት ይበቃል። ሐምራዊው ከሌለ ሌላው ሁሉ አይጀመርም። ሐምራዊው ኖሮ አረንጓዴው ካልወረደ ጥፋቱ ማብሪያው ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ነው። አረንጓዴው ወርዶ ግራጫው ካልመጣ ዋናው የኃይል ክፍል ነው። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ያኔ ራሙን መንቀል ተገቢ ይሆናል። ያለ ተራው ራም መንቀል ግን ቁማር ነው።

ልኬቱ ብልሽቱ በሚታይበት ሰዓት እንዲሆን ማሽኑ ጥገና ቤቱ ውስጥ፣ ከስፒናው ተነቅሎ አደረ። በማግሥቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ፣ እሳት ሳይነድ፣ በሩ በተከፈተበት ቅጽበት ተሰካ። ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ የመብራት ነጥብ አለች፤ ተጠባባቂ ኃይል ሲኖር ትበራለች። ያን ጧት በራች፣ ጠፋች፣ በራች፣ ጠፋች። ጆሮን ወደ ፓወር ሳፕላዩ ወንፊት ሲያስጠጉ በጣም ቀጭን የሆነ ቲክ፣ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ቢከፈት ኖሮ አይሰማም ነበር።

ከፓወር ሳፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ትልቁ ሶኬት 24 ቀዳዳ አለው፣ በሁለት ረድፍ 12 በ12። ሐምራዊው ዘጠነኛው ነው። ባለሙያው ሶኬቱን አልነቀለም። ሥራ ላይ እያለ መለካት ስለፈለገ በጀርባው፣ ገመዱ በሚገባበት ክፍተት ገባ። የመልቲሜትሩ ጫፍ ለዚያ ክፍተት ይወፍራል፤ ስለዚህ የልብስ ስፌት መርፌ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ጫፉ ላይ አሥሮበታል። መርፌው ገመዱን ተከትሎ ወረደ፣ ብረቱን ነካ። ደንቡ የሚፈቅደው ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ነው። መልቲሜትሩ ሦስት ገደማ አሳየ፣ ወደ ሁለት ወረደ፣ ወደ አራት ወጣ፣ አልተቀመጠም።

ብልሽቱ በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ታወቀ። ማስረጃ ግን አንድ ብቻ ሲሆን አይበቃም። ጎረቤት ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ተዋሰ። ሞቃቱን አየር ወደ ፓወር ሳፕላዩ ወንፊት ብቻ፣ ማዘርቦርዱን በካርቶን ጋርዶ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ነፋ። ቲክ ቲክ የሚለው ፈጠነ፣ ተከታተለ፣ ዝም አለ። ነጥቧ ቦግ ብላ ቀረች። መልቲሜትሩ 5.04 ላይ ቆመ። ማብሪያው ተነካ፤ ማሽኑ ተነሣ። ከዚያ አጠፋው፣ ከስፒናው ነቀለው፣ በሩ አጠገብ ብርድ ላይ አኖረው፣ ቡና ተጠጣ። ሲመለስ እንደ ጧቱ እምቢ አለ። አሁን ሙቀት መንሥኤ መሆኑ በሁለቱም አቅጣጫ ታየ፦ ሲሞቅ ይድናል፣ ሲበርድ ያገረሻል።

ፓወር ሳፕላይ ስፋቱ 150፣ ቁመቱ 86፣ ጥልቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 140 ሚሊሜትር የሆነ ሣጥን ነው። ከኬዙ ጋር በአራት ብሎን ይያዛል፣ ክዳኑ በሌላ አራት። ብሎኖቹ በነቀላቸው ቅደም ተከተል በሁለት የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ተቀመጡ። ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ሌላ የማያልፈው ነገር አለ። የግድግዳው 220 ቮልት ተስተካክሎ ወደ ቀጥታ ኃይል ሲለወጥ 311 ቮልት ይሆናል፤ በሁለት ወፋፍራም ካፓሲተሮች ውስጥም ይጠራቀማል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ጠብቆ፣ ከፍቶ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ በሌላው ለካ። ከ2 ቮልት በታች እስኪያይ ድረስ ውስጡን አልነካም። ይህን የማያውቅ ሰው ሣጥኑን ባይከፍት ይሻለዋል።

ውስጡ ሁለት አገር ነው። በአንዱ በኩል የግድግዳው ኃይል ነው፤ የሚገድለው። በሌላው በኩል ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደው ዝቅተኛ ኃይል ነው። በመካከላቸው መዳብ የሌለበት ባዶ ድንበር ተሠርቷል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በጠበበበት ቦታ ሰሌዳው ራሱ ተሰንጥቋል። ድንበሩን የሚሻገሩት በቢጫ ቴፕ የተጠቀለሉት ትራንስፎርመሮችና ባለ አራት እግር ትንንሽ ጥቁር ቁራጮች ናቸው። በጥቁሩ ቁራጭ ውስጥ በአንድ በኩል ጥቃቅን መብራት፣ በሌላው በኩል መብራቱን የሚያይ ትራንዚስተር አለ። ዝቅተኛው ወገን «በዛ፣ ቀንስ» የሚለውን መልእክት ለከፍተኛው ወገን የሚልከው በብርሃን ነው። ሽቦ አይነካካም። ይህን ክፍተት ሳይ ዕቃውን የነደፈው ሰው ምን እንደፈራ ይታየኛል።

በዚህ ሣጥን ላይ ደግሞ ሌላ ነገርም ይታያል። መግቢያው አጠገብ ሰሌዳው ላይ ለኃይል ማጣሪያ ጥቅልል ቦታ ታትሟል፣ ቀዳዳውም ተበስቷል፤ ጥቅልሉ ግን የለም። በምትኩ ሁለት አጭር ሽቦ ተበይዷል። ነዳፊው አስቦበታል፣ ፋብሪካው ቀንሶታል። ጎኑ ላይ 450 ዋት የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እጅ ላይ ሲመዘን ይቀላል፤ ሙቀት መበተኛ አሉሚኒየሙም ስስ ነው። ዋት በወረቀት ይጻፋል፣ በክብደት ይነበባል።

ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ነው። አናታቸው ላይ የመስቀል ወይም የፊደል ቅርጽ ያለው ጭረት አለ፤ ውስጣቸው ጋዝ ሲፈጠር በዚያ በኩል እንዲተነፍሱ የተሠራ ነው። ያበጠ አናት ካለ ፍለጋው ያበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶችና ፓወር ሳፕላዮች ባበጠ ካፓሲተር ስለተበላሹ ጠጋኞች ሁሉ ያንን እብጠት መፈለግ ለምደዋል። እዚህ ግን አናቶቹ ሁሉ ጠፍጣፋ ናቸው። ብዙ ሰው ክዳኑን የሚመልሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ባለሙያው ቲክ ቲኩን ተከትሎ ሄደ። ተጠባባቂዋ ሰርኪት የራሷ ትንሽ ትራንስፎርመርና የራሷ ቺፕ አላት። ከቺፑ አጠገብ፣ ከሙቀት መበተኛው አሉሚኒየም ጋር ተጠግቶ፣ 5 ሚሊሜትር ስፋትና 11 ሚሊሜትር ቁመት ያለው አንድ ካፓሲተር ቆሟል። 22 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት። ይህን ያህል ያነሱት አናታቸው ላይ ጭረት የላቸውም። ሲደርቁ አያብጡም፣ አይፈነዱም፣ አያፈሱም፤ መልካቸው እንደ አዲስ ይቆያል።

ሥራው እንዲህ ነው። ስፒናው ሲሰካ ቺፑ ገና የራሱ ኃይል የለውም። በትልቅ ሬዚስተር በኩል ትንሽ ትንሽ ኃይል እየመጣ ይህን ካፓሲተር ይሞላዋል። ሲሞላ ቺፑ ይነቃል፣ የተጠራቀመውንም እየተጠቀመ ትራንስፎርመሩን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ትራንስፎርመሩ መሥራት ሲጀምር ቺፑን በራሱ ጥቅልል ይመግበዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቺፑ ራሱን ችሏል። ካፓሲተሩ የሚፈለገው ለዚያች አጭር መሸጋገሪያ ነው። ስንቁ ካነሰ ቺፑ ትራንስፎርመሩ ሳይደርስለት ይተኛል፤ ካፓሲተሩ እንደገና ይሞላል፣ ቺፑ እንደገና ይነቃል፣ እንደገና ይተኛል። ቲክ፣ ቲክ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲበርድ ደግሞ ይወፍራል፤ የቀረችው አቅምም ታንሳለች። አንዴ ከተነሣ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ከመሸጋገሪያው በኋላ ሸክሙ ይቀልለታል። ሦስቱ መልሶች፣ ጧት፣ መብራት ከሄደ በኋላ፣ ከተነሣ አይጠፋም፣ ሁሉም እዚህች ቁራጭ ላይ ገጠሙ።

የደረቀበትም ምክንያት ይቆጠራል። በጎኑ 105 ዲግሪ ተጽፏል። ከዚህ ዓይነት ብዙዎቹ በዚያ ሙቀት 2,000 ሰዓት እንዲሠሩ የተመደቡ ናቸው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ እንደሚሆን በሙያው ይታወቃል። በ65 ዲግሪ ቢውል 32,000 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ያለ ማቋረጥ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ተጠባባቂዋ ሰርኪት ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋም ትሠራለች፤ ያን ጊዜ ማራገቢያው ቆሟል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ አቅሙም እንዲሁ ያንሳል። ፍላቂት ላይ ዕቃው የሚደርቀው በሙቀት፣ መድረቁ የሚታወቀው በብርድ ነው።

ካፓሲተሩ ወጥቶ አቅም በሚለካ መልቲሜትር ተለካ። 22 ሊሆን የሚገባው 6 አልሞላም። የተፈቀደው ስሕተት 20 በመቶ ስለሆነ ከ17.6 በታች መውረድ አልነበረበትም። ከጎኑ ያሉት የተጠባባቂ ኃይል ማጣሪያዎችም ተለኩ፤ 1,000 የሚለው 940 አለ። ደህና ስለሆኑ ተዋቸው። «እጅ ከገባ አይቀር ሁሉንም እንለውጥ» የሚሉ አሉ፤ ከአዲስ አበባ ገበያ አቅራቢያ ላለ ሰው ያስኬዳል። እኔ ግን በመተዉ እስማማለሁ። የዚህ ዓይነት ርካሽ ሰሌዳ ከወረቀትና ከሙጫ የተጨመቀ ነው። መዳቡ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ተለጥፏል፤ ካውያ ደጋግሞ ሲያርፍበት ይላጣል። የዳነን ነገር ማከም ያሳምማል።

መተኪያው አዲስ ነው፤ ከመርካቶ በአውቶቡስ ይመጣል። ባለሙያው የወላለቁ ሰሌዳዎች የሞሉበት ካርቶን አለው፤ ሬዚስተር፣ ዳዮድ፣ ፊውዝ፣ ማራገቢያ ከዚያ ያወጣል። ካፓሲተር ግን ከአሮጌ ሰሌዳ አይወስድም። አሮጌው ከአሮጌው ጋር አብሮ ደርቋል። አዲሱም ቢሆን ይጣራል፤ በትልቅ ጣሳ ውስጥ ትንሽ ካፓሲተር ከትተው የሚሸጡ አሉ። እሱ እያንዳንዱን ይለካል። ይኼኛው 21.6 አለ። ስፋቱ 5 ሚሊሜትር፣ በእግሮቹ መካከል 2 ሚሊሜትር፤ ከቀዳዳዎቹ ጋር ልክ ይገጥማል። እግር ማጣመም፣ ማስፋት፣ ማስረዘም አላስፈለገም።

ብየዳው ከሁሉ አጭር ጊዜ ወሰደ። አሮጌው የመበየጃ ሊድ በቀጥታ አልተነቀለም፤ መጀመሪያ ትንሽ አዲስ ሊድ ተጨመረበት። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጡ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እርሳስ የሌለበት የፋብሪካው ሊድ ግን 217 አካባቢ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደባለቁ ማቅለጫው ይወርዳል፣ መዳቡም ብዙ ሳይጋል ይተርፋል። በሊድ መምጠጫ ተመጠጠ፣ ቀዳዳው በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ተጠረገ፣ ሰሌዳው በአልኮል ተወለወለ። አዲሱ ሲገባ በጎኑ ያለው ነጣ ያለ ሰንበር ሰሌዳው ላይ ከጠቆረው ግማሽ ክብ ጋር ተስማማ። አሉታዊው እግር እሱ ነው፤ ቢገለበጥ ይፈነዳል። ካውያው መጀመሪያ መዳቡንና እግሩን አብሮ አሞቀ፣ ሊዱ ቀጥሎ ከሌላው ጎን ተነካ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ሊዱ ተነሣ፣ ካውያው ተነሣ። የቀረው ቅርጽ የላስታ ጎጆ ክዳን ነው፦ ከታች ሰፍቶ መዳቡን የጨበጠ፣ ወደ ላይ እየቀጠነ የሄደ፣ አናቱ ላይ እግሩ እንደ ጉልላት ብቅ ያለ። ሉል ሆኖ ቢቀመጥ ኖሮ መዳቡን አልያዘም ማለት ነበር።

አንድ ነገር ግን ፋብሪካው እንዳደረገው አላደረገም። አዲሱን ካፓሲተር ከሙቀት መበተኛው ወደ ውጭ ጥቂት አዘነበለው። በመካከላቸው አንድ እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። እንዲህ ያለው መዘንበል ምንም ወጪ የለውም፤ አሮጌው ግን ለዓመታት አሉሚኒየሙን ተደግፎ ቆሟል።

ክዳኑ ከመመለሱ በፊት ሣጥኑ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አልተሰካም። ባለሙያው ባለ ክር አምፖል፣ የድሮውን 100 ዋት፣ በመስመሩ መካከል በተከታታይ አገባ። ሣጥኑ ውስጥ የተገናኘ ነገር ካለ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ኃይሉን ውጦ ሣጥኑን ያድነዋል። ደህና ከሆነ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ብልጭ አለ፣ ደበዘዘ። ሐምራዊው 5.06። ከዚያ አምፖሉ ወጣ፣ አረንጓዴው ቀዳዳ ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር በሽቦ ተገናኘ፣ 12 ቮልቱ ላይ የመኪና ፍሬን መብራት አምፖል ተንጠለጠለ። 21 ዋት ነው፤ ከ1.75 አምፔር ጋር እኩል ነው። የትልልቆቹን የጭነት መኪኖች አምፖል አይጠቀምም፤ እነሱ 24 ቮልት ናቸው። ሣጥኑ አምፖሉን ይዞ 12.1 ቮልት ላይ ቆየ፤ ደንቡ ከ11.4 እስከ 12.6 ይፈቅዳል።

አቧራው በብሩሽ ተጠረገ። ሲጠረግ የማራገቢያው ክንፍ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ ነበር። የገመድ ዘለላዎቹ ሁሉ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ የተቆረጠው አሮጌ ማሰሪያ በነበረበት ቦታ በአዲስ ታሠረ። ብሎኖቹ ከጠርሙስ ክዳኖቹ ወጡ፤ የተረፈ የለም፣ የጎደለ የለም። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀጭን ማርከር ቀኑንና «22/50» የሚለውን ጻፈ። ከውጭ ማንም አያየውም። ወደፊት ሣጥኑን የሚከፍተው ጠጋኝ ያየዋል።

ማሽኑ በዚያ ቀን ለባለቤቷ አልተመለሰም። ከቀትር በኋላ መነሣቱ ምንም አያስረዳም፤ ድሮም ይነሣ ነበር። ከስፒናው ተነቅሎ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አደረ። ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ተሰካ። ነጥቧ በራች፣ አልተንቀጠቀጠችም። ማብሪያው ተጫነ፤ ተነሣ። ወዲያው ጠፍቶ፣ ተነቅሎ፣ ሌላ ሌሊትም እንዲያድር ተደረገ፤ ያን ጧትም ተነሣ። ሴትዮዋ ስትመጣ የወጣውን ካፓሲተር በወረቀት ጠቅልሎ ከማሽኑ ጋር ሰጣት። ያችን ትንሽ ነገር በመዳፏ ይዛ «ይች ናት?» አለች። እሷ ነበረች።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ወይም ቢሮህ ውስጥ አንዳንዴ ብቻ የሚነሣ ኮምፒዩተር ካለህ አዲስ ከመግዛትህ በፊት አንድ ወረቀት አጠገቡ አስቀምጥ። እምቢ ያለበትን ሰዓት፣ ሌሊቱን መብራት መሄድ አለመሄዱን፣ ሲነሣ በስንተኛው ሙከራ እንደተነሣ ጻፍ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ነጥብ የምትታይ ከሆነ መብራቷን፣ መንቀጥቀጧን ወይም መጥፋቷን ጨምርበት። ወደ ጥገና ቤት ስትሄድ «አይሠራም» ብለህ ብቻ አትስጠው፤ ወረቀቱንም አብረህ ስጠው። ማሽኑንም እዚያ አሳድረው።